መሪው በማን እጅ ነው?

ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት በብሪታንያ ገጠር ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ የቤተሰብ ትርኢት መኖሩ አይቀርም። ሥሩ የገበሬ ጉዳይ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ታዋቂውን የግብርና ትርኢት የሚያዘጋጀው የባዝ ኤንድ ዌስት ማኅበር የተቋቋመው በ1777 ነው (በዚህ ምዕራፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ዓላማውም ግብርናው እንዲሻሻል ማበረታታት ነበር። ዛሬም በእንዲህ ዓይነት ትርኢቶች ኮርማና በግ ተወዳድረው ይሸለማሉ፤ እረኛ ውሻ መንጋውን ሰብስቦ ጉረኖ ሲያስገባ ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ይመለከታል፤ አሮጌ ትራክተሮች ተወልውለው ይሰለፋሉ። ጎብኚው ግን ገበሬ ብቻ አይደለም። ልጆቹን ይዞ ከከተማ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ለእነዚያ ልጆች ተብሎም ከምግብ ድንኳኖቹ አለፍ ብሎ በፕላስቲክ አጥር ወይም በጭድ እስር የታጠረ የሣር ሜዳ ይዘጋጃል። በውስጡ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ፤ አንዱ የገጠር ጂፕ፣ ሌላው የእሽቅድምድም መኪና፣ ሌላው ትራክተር ይመስላል። ወላጅ ይከፍላል፤ ልጅ ተራውን ጠብቆ ይገባል፤ ቀበቶ ይታሰርለታል፤ ለጥቂት ደቂቃ ይነዳል፤ ጊዜው ሲያልቅ ይወርዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጨዋታ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ ይህ የልጅ መደሰቻ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው ከአዘጋጆች አፍ የማይጠፋው ነው፤ ልጁ የመንገድ ሥርዓት ይማራል፣ የነገ ጠንቃቃ ሹፌር ይሆናል ይላሉ። ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተዋል ብዬ አምናለሁ። ልጁ እዚያ ሜዳ ላይ የሚያገኘው ከመደሰት ይበልጣል፤ የመንገድ ትምህርት ግን አይደለም። የሚያገኘው የራሱ ድርጊት የራሱን አካል ከቦታ ወደ ቦታ ሲወስደው የማየት ልምድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለአእምሮ እድገት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከስልሳ ዓመት በላይ ሲጠና ቆይቷል። ይህ እውነት ከሆነ የመንጃ ሜዳው ዋጋ የሚለካው በመኪናው ውበት ወይም በትራፊክ ምልክቶቹ ብዛት ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው፦ መኪናውን በእርግጥ የሚነዳው ማን ነው?

ጥያቄው ተራ እንዳይመስል መኪናውን ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። ከመቀመጫው ሥር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት የሚሰጥ ባትሪ ይቀመጣል። ባትሪው በኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ያዞራል፤ ሞተሮቹ በጣም ፈጥነው ስለሚሽከረከሩ መካከል ላይ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን ይጨምራሉ። የመኪናው ፍጥነት እንደ ዓይነቱ በሰዓት ከ3 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከትልቅ ሰው እርምጃ እስከ ሶምሶማ ማለት ነው። ፔዳሉ በአብዛኞቹ ላይ እንደ ትልቁ መኪና ቀስ በቀስ የሚሰጥ አይደለም፤ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ሲረገጥ ሞተሩ ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ እግር ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና ሞተሮቹ ራሳቸው ጎማውን ይይዛሉ፤ የተለየ የፍሬን ፔዳል የማያስፈልገውም ለዚህ ነው። መሪው በብረት ዘንግ ከፊት ጎማዎቹ ጋር ይያያዛል። ጎማው ጠንካራ ፕላስቲክ በሆነበት መኪና፣ በተለይ ሣሩ እርጥብ ከሆነ፣ መሪው ቢዞርም መኪናው ለአፍታ ያህል ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል።

ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ ከባድ ሥራ ነው። ፔዳሉን መርገጥ ወዲያው ይገባዋል፤ መሪው ግን ጊዜ ይወስዳል። ጀማሪ ልጅ ኩርባው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው መሪውን የሚያዞረው፤ ስለዘገየም አብዝቶ ያዞረዋል፤ አብዝቶ ስላዞረው ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል፤ ደንግጦ ሲመልሰው አጥሩን ይነካል። ዓይኑ ያለው እጁ ላይ ወይም የመኪናው አፍንጫ ላይ ነው። ሚካኤል ላንድና ዴቪድ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የትልልቅ ሰዎችን ዓይን ተከታትለው፣ የለመደ ሹፌር ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሲነዳ ከኩርባው አንድ ሁለት ሰከንድ አስቀድሞ የኩርባውን የውስጥ ጠርዝ እንደሚመለከት አሳይተዋል። እጅ የሚታዘዘው ወደፊት ለሚያይ ዓይን ነው ማለት ነው። ልጁም ዙሩን ሲደጋግም አንገቱ ቀና እያለ ይመጣል። ማንም «ቀድመህ እይ» ብሎ ስላዘዘው አይደለም፤ ዘግይቶ ሲያዞር አጥሩ ስለሚጠብቀው ነው። ሳይደበድብ ስሕተቱን ወዲያው የሚነግር አጥር ከማንኛውም ምክር የተሻለ አስተማሪ ነው።

ለመሆኑ በራስ መንቀሳቀስና ተጭኖ መንቀሳቀስ ይህን ያህል ይለያያሉ? የዚህ ጥያቄ አንጋፋ መልስ የተገኘው ከድመት ግልገሎች ነው። ሪቻርድ ሄልድና አለን ሃይን በ1963 ባሳተሙት ሙከራ ግልገሎችን በጨለማ አሳድገው ብርሃን የሚያዩባትን ጥቂት ሰዓት ሁለት ሁለት እያደረጉ አንድ ዓይነት መዘውር ላይ አኖሯቸው። አንደኛዋ ግልገል በእግሯ እየሄደች መዘውሩን ታዞራለች፤ ሁለተኛዋ በማዶ በተንጠለጠለ ሣጥን ተቀምጣ፣ የመጀመሪያዋ በሄደችበት መጠን ትዞራለች። ሁለቱም ያን አንድ ግድግዳ፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ያያሉ፤ ልዩነቱ አንዷ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትወሰዳለች። በመጨረሻ ሲፈተኑ የሄደችው እንደ ማንኛዋም ድመት ገደል የሚመስለውን ቦታ ትሸሻለች፤ ወደ ጠረጴዛ ሲያወርዷት እግሯን አስቀድማ ትዘረጋለች። የተወሰደችው ይህን አታደርግም ነበር። ጉዳቱ ዘላቂ አልነበረም፤ በብርሃን እንደ ልቧ መንቀሳቀስ ስትጀምር በጥቂት ቀናት ተስተካከለች። ውጤቱ ግን አንድ ነገር በግልጽ አመለከተ፦ ዓይን ከዓለም ጋር የሚስማማው በማየት ብቻ አይደለም፤ ያ እይታ በራስ እንቅስቃሴ ሲለወጥ ነው።

ድመት ሌላ ልጅ ሌላ የሚል ተቃውሞ ተገቢ ነው። ስለዚህም ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ጥናት በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የጆሴፍ ካምፖስ ቡድን የሠራው ነው። ሕፃናት ከፍታን መፍራት የሚጀምሩት መዳህ ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሆኑ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ያልታወቀው ምክንያቱ ነው፤ ዕድሜ ነው ወይስ መዳሁ? ለመለየት ተመራማሪዎቹ ገና ያልዳሁ ሕፃናትን ባለ ሞተር ትንሽ ጋሪ ላይ አስቀመጡ። ጋሪው የሚሄደው ሕፃኑ ራሱ ከፊቱ ያለውን እጀታ ሲጎትት ብቻ ነው። ለተወሰኑ ቀናት በቀን ጥቂት ደቂቃ ተለማመዱ። በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከዚያ በኋላ ጥልቅ ገደል ወደሚመስለው የመስታወት ወለል ሲያወርዷቸው ጋሪ የነዱት ሕፃናት የልብ ምት ጨመረ፤ ያልነዱት እኩዮቻቸው ላይ ይህ አልታየም። መንዳት ያላዩትን ነገር አላሳያቸውም። የሚያዩት ነገር ከሚያደርጉት ነገር ጋር እንዲያያዝ ግን አደረገ። ሞተሩ እግርን መተካቱ ችግር አልፈጠረም፤ ትእዛዙ ከሕፃኑ መምጣቱ በቂ ነበር። የትርኢቱን የኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ ጋር አገናኝቼ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም በባትሪ የሚሄዱ፣ ልጅ የሚያዝዛቸው መቀመጫዎች ናቸው። እርግጥ የአምስት ዓመት ልጅ ከመዳህ ካለፈ ቆይቷል፤ ከመኪናው የሚያገኘው ጥቅም የሰባት ወር ሕፃን ካገኘው ጋር እኩል ነው ብዬ አልከራከርም። መንገዱ ግን አንድ ነው፤ አዲስ ዓይነት እንቅስቃሴን ራስ አዝዞ ማወቅ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። እንቅስቃሴ ከልጁ ይምጣ ካልን የድሮው በእግር የሚዘወረው መኪና አይሻልም ነበር? ታሪኩ ሁለቱንም ያውቃል። የመኪና ሠሪው ኤቶሬ ቡጋቲ በ1926 ለትንሹ ልጁ ለሮላንድ የታይፕ 35ን የእሽቅድምድም መኪና በግማሽ መጠን ሲሠራለት በባትሪ የሚሄድ አደረገው፤ ደንበኞች አይተው ስለወደዱት በኋለኞቹ ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ተሠሩ። የሀብታም ልጅ መጫወቻ ነበር። በሌላ በኩል የኦስቲን ኩባንያ በ1949 በደቡብ ዌልስ ባርጎድ በተባለች ከተማ ፋብሪካ ከፍቶ ጄ 40 የተባለውን የፔዳል መኪና ማምረት ጀመረ። ሠራተኞቹ የድንጋይ ከሰል አቧራ ሳንባቸውን የጎዳው፣ ወደ ጉድጓዱ መመለስ የማይችሉ ማዕድን ቆፋሪዎች ነበሩ፤ ቆርቆሮውም ከትልልቆቹ መኪኖች የተረፈ ቁራጭ ነበር። እስከ 1971 ድረስ ከ32,000 በላይ ተሠርተዋል። የፊት መብራቱና ክላክሱ በባትሪ ይሠራሉ፤ ጉልበቱ ግን የልጁ እግር ነው። ዛሬም በእንግሊዝ ጉድዉድ በሚደረገው የድሮ መኪኖች በዓል ላይ ልጆች ይወዳደሩባቸዋል። እግር ማሠራት ለጤና እንደሚሻል መካድ አይቻልም፤ ቤት ውስጥ ለሚኖር መጫወቻ የምመርጠውም ፔዳሉን ነው። በትርኢት ሜዳ ላይ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ሣር ላይ የፔዳል መኪና ይከብዳል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግማሹን ጊዜ የሚያጠፋው በመግፋት፣ ቀሪውን እናት ወይም አባት ከኋላ ሲገፉት ነው። ሲገፉት ደግሞ ወደ ሣጥኗ ግልገል ተመልሷል። ሞተሩ ድካሙን ሲወስድለት የልጁ ሐሳብ በሙሉ መሪው ላይ ይውላል።

የልጅን መንዳት ያለ ባትሪም ያለ ፔዳልም ያሳካ መንገድ በእኛ አገርም ነበር። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ልጆች ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው፣ ከሳንቃ ሥር አያይዘው፣ የፊቱን ዘንግ በእግር ወይም በገመድ እየመሩ ቁልቁለት ይወርዱበታል። የኩሽኔታው ድምፅ አስፋልት ላይ ከሩቅ ይሰማል። እኔ የምለውን ጥቅም ከትርኢቱ መኪና አሳንሶ አይሰጥም፤ እንዲያውም ልጁ ራሱ ስለሠራው የተበላሸውን ማስተካከልም ይማራል። የጎደለው ደኅንነት ነው፤ ቁልቁለቱ የሚጋራው ከታክሲ ጋር ነውና። የታጠረው የሣር ሜዳ ሌላ ምንም ባይኖረው ይህን አደጋ አስቀርቷል።

አሁን ወደ መንገድ ትምህርት እንምጣ፤ አዘጋጆች አብዝተው የሚመኩበት እሱ ነውና። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በዴንማርክ የቢሉንዱ ሌጎላንድ በ1968 ሲከፈት ልጆች ትንንሽ መኪና ነድተው «መንጃ ፈቃድ» የሚያገኙበት የትራፊክ ትምህርት ቤት ነበረው፤ በብዙ ትርኢቶችም ዛሬ ልጁ ሲወርድ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ደስ ይላል፤ ማስታወሻነቱንም አልነቅፍም። አደገኛ የሚሆነው ወላጅ ከልቡ ሲያምንበት ነው። በዚያው በ1968 ስዊድናዊቷ ምሁር ስቲና ሳንደልስ ስለ ልጆችና ትራፊክ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ትንንሽ ልጆችን በትምህርት ለትራፊክ ማስማማት እንደማይቻል፣ መስማማት ያለበት ትራፊኩ እንደሆነ በማስረጃ ተከራክራለች። ከእሷ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ምክንያቱን እያብራሩ መጥተዋል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች በ2011 እንዳሳዩት፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ፈጥኖ የሚመጣን መኪና መቅረቡን በትክክል ላይለይ ይችላል። ይህ የዲሲፕሊን ጉድለት አይደለም፤ ዓይንና አእምሮ ገና አልደረሱም። የእግረኛ ደኅንነት ትምህርትን የሚመለከቱ 15 ሙከራዎችን በ2002 አሰባስቦ የመረመረው የኮክሬን የምርምር ድርጅት ግምገማም ትምህርቱ የልጆችን እውቀትና አንዳንዴም አካሄድ እንደሚለውጥ አገኘ፤ በአደጋና በጉዳት ላይ ያለውን ውጤት የለካ ሙከራ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ይህ ሲባል መንገድ ዳር ልጅን ማለማመድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ልጅን እውነተኛው መንገድ ላይ ይዞ ወጥቶ የት መቆም እንዳለበት እያሳዩ ማለማመድ ክፍል ውስጥ ከሚሰጥ ገለጻ እንደሚሻል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የሚገርመው ይህ ደግሞ ያንኑ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል፤ ልጅ የሚማረው በሚያደርገው ነገርና በሚያደርግበት ቦታ ነው። የመኪናው ሜዳ የሚያስተምረው መሪ መያዝን፣ መታጠፍን፣ ከሌላ ልጅ ጋር ሲገጣጠሙ ማሳለፍን ነው። መንገድ ማቋረጥን ለማስተማር ልጁ እግረኛ መሆን አለበት። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ነገሩን የሚያየው ከሹፌሩ ወገን ነው፤ ገና ለብዙ ዓመታት የሚያስፈልገው ግን የእግረኛው ወገን ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ ቀይ መብራትና የቁም ምልክት ቢተከል ክፋት የለውም፣ ጨዋታውን ያደምቃል፤ ወላጅ ግን ካርዱን ይዞ ሲወጣ የልጁን እጅ መኪና ማቆሚያው ላይ እንደ ቀድሞው አጥብቆ ይያዝ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሪሞቱ ነው። ዛሬ ከሚሸጡት የልጆች መኪኖች ብዙዎቹ ለወላጅ የሚሆን ሪሞት አላቸው። ሪሞቱ ሲነካ የልጁ ትእዛዝ ይሰረዛል፤ በብዙዎቹ መሪው በልጁ እጅ ውስጥ እንዳለ በራሱ ይዞራል። ለሁለት ዓመት ሕፃን ይህ ይገባኛል፤ እሱ ፔዳሉንም በቅጡ አይደርስበትም። ችግሩ አምስትና ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅም ወላጅ በአጥሩ ላይ ተደግፎ በሪሞት ሲያሽከረክረው ነው። ልጁ ኩርባው ላይ ሊዘገይ ሲል መኪናው ያለ እሱ ይታጠፋል፤ አጥሩን ሊነካ ሲል ይቆማል። ከውጭ ሲታይ ግሩም አነዳድ ነው። ልጁ ግን ምንም አልነዳም፤ ይባስ ብሎም እጁ የሚያደርገውና መኪናው የሚያደርገው አይገናኙም። በራስ ከመሄድ የሚገኘውን ትምህርት ለማጥፋት ከዚህ የበለጠ ዘዴ ማሰብ ይከብዳል።

«ቢጋጭስ?» ይባላል። የሕዝብ መዝናኛዎች ይህን ፍርሃት ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፈት አውቶፒያ በተባለው መንገድ ላይ ልጆች በቤንዚን የሚሠሩ ትንንሽ መኪኖችን ያለ ሐዲድ ይነዱ ነበር፤ እርስ በርስ መጋጨት በዛና በ1965 መንገዱ መካከል መሪ ሐዲድ ተዘረጋ። የቤንዚን ሞተርና የብረት አካል ባለው መኪና ላይ ያ ውሳኔ ትክክል ነበር። በእግረኛ ፍጥነት በሚሄድ፣ ፓራውልቱም አካሉም ፕላስቲክ በሆነ መኪና ላይ ግን ግጭቱ መጠነኛ መንገጫገጭ ነው። እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ፓወር ዊልስ የተባሉ የልጆች መኪኖች እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርሱ ለጥገና የተጠሩት በመጋጨታቸው ምክንያት አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ክፍሎቻቸው ግለው እሳት ስለሚያስነሡ ነበር፤ 150 ያህል የእሳት አደጋዎች ተመዝግበው ነበር። ስለዚህ ለደኅንነት የሚጨነቅ አዘጋጅ የሚመረምረው ባትሪውን፣ ሽቦውንና ቻርጅ ማድረጊያውን ነው፤ የሚያጥረው ሜዳውን ነው፤ የሚጠብቀው በሩን ነው፤ ልጅ ከመኪናው ወርዶ በሌሎቹ መካከል እንዳይሮጥ የሚያይ ሰው የሚያቆመው መሀል ሜዳ ላይ ነው። ሪሞቱንም አይጣለው፤ በአንድ አስተናጋጅ እጅ ይሁን፤ ሥራውም ማቆም ብቻ ይሁን። ማቆምና መንዳት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው፤ የመጀመሪያው ለትልቅ ሰው፣ ሁለተኛው ለልጁ።

ሌላው ተቃውሞ ከመኪና የራቀ ከተማ ከሚመኙ ሰዎች ይመጣል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ብዙ የምስማማበት አለኝ። ልጅን ከሕፃንነቱ መሪ ማስያዝ መኪና አምላኪ ማድረግ አይደለምን ይላሉ። ማየር ሂልማንና ባልደረቦቹ በ1990 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ ከሰባትና ስምንት ዓመት ልጆች መካከል ያለ አዋቂ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በ1971 ከመቶ 80 የነበሩት በ1990 ከመቶ 9 ብቻ ሆነው አገኙ። በሃያ ዓመት ውስጥ የአንድ ትውልድ የእግር ነፃነት ጠፋ፤ ዋናው ምክንያትም ወላጆች የትራፊኩን አደጋ መፍራታቸው ነበር። ይህን ያስከተለውን መኪና በትንሹ ሠርቶ ለልጅ መስጠት እንደ ካሳ ቢቀርብ እኔም እቃወማለሁ፤ የጥቂት ደቂቃ መንዳት የጠፋውን የዕለት ተዕለት መንገድ አይመልስም። ነገር ግን ልጁ በዚያ ሜዳ የሚወደው ብረቱን ሳይሆን ማዘዙን ነው። ለዚህም ነው ጂፑ ሲያልቅ ትራክተሩ፣ ትራክተሩ ሲያልቅ የእሽቅድምድም መኪናው እኩል የሚያስደስተው። የአዋቂዎቹ ድርሻ ያንኑ ማዘዝ በሌላ ቦታም መስጠት ነው። በአዲስ አበባ ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚባለው ቀን አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ልጆች በብስክሌትና በስኬቲንግ ጫማ መሀል አስፋልቱን ይሞሉታል። ሁለቱ ነገሮች አይጣሉም፤ ሁለቱም ልጅ ራሱን የሚያንቀሳቅስበት፣ ትልቅ መኪና የማይደርስበት ቦታ ናቸው፤ ብቻ የአስፋልቱ ሰፊና በነፃ የሚገኝ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በሁለት እግሩ ስለሚሮጥ ልጅ ነው። መራመድ የማይችል ልጅ ሲሆን ግን ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ወደ መብት ይጠጋል። በአሜሪካ በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ኮል ጋሎዌይ የጀመረው ጎ ቤቢ ጎ የተባለ እንቅስቃሴ የሠራው ቀላል ነገር ነው፤ ከመደብር የተገዛ ተራ የልጆች የኤሌክትሪክ መኪና ወስዶ ፔዳሉን በትልቅ የእጅ ቁልፍ ይተካል፤ መቀመጫውን በፕላስቲክ ቱቦና በስፖንጅ ደግፎ ልጁ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ለአካል ጉዳተኛ የሚሠራው ባለ ሞተር ወንበር በጣም ውድ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልጅም እምብዛም አይሠራም። ስለዚህ እኩዮቹ በሚድኹበትና በሚሮጡበት ዕድሜ ያ ልጅ የሚንቀሳቀሰው ሌላ ሰው ሲያነሣው፣ ሲያዝለው ወይም ሲገፋው ብቻ ነው፤ የሚሄድበትን የሚወስነውም ሌላ ሰው ነው። ቁልፉን ሲጫን ግን ራሱ ወደ ፈለገው መጫወቻ፣ ራሱ ወደ መረጠው ልጅ ይሄዳል።

በገጠር ትርኢቶች ሜዳ ላይ ከተደረደሩት መኪኖች አንዱን እንዲህ ማስተካከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው በእጅ የሚጫን ሰፊ ቁልፍ፣ የኋላ ድጋፍ ያለው መቀመጫ፣ ትከሻ የሚይዝ ቀበቶ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ሰፊ በር፣ ሣሩ ላይም ጎማ የማያሰጥም ጠንካራ ምንጣፍ ነው። ሰዓቱም ይረዝም፤ ለዚህ ልጅ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ቢታገሥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ከሜዳው ሲወጡ በእግራቸው ወደፈለጉት ይሮጣሉ፤ እሱ ራሱን የሚነዳው እዚያ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁልፉ ሲገጠም ደግሞ ልጁ በደንብ በሚያዝዘው እጅ በኩል ይሁን፤ የትኛው እጅ እንደሆነ እናቱን ወይም አባቱን ጠይቆ ሁለት ብሎን ማላላትና ማጥበቅ ይበቃል።